ሚስኮል አይነሳም

ቢሆነኝ ሞቶ የተገኘው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው በኖረው ውሃ አጠገብ ነው።

ከላሊበላ ወደ ብልባላ መኪናው እስከቻለው ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በኋላ በእግር ወረድን። ጉልበቴ ቁልቁለት አይወድም። ዳገትም አይወድም። በአጭሩ ላስታን አይወድም። ኢንስፔክተር ሳሊሕ እባላለሁ፤ መርሳ ሜዳ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጡረታዬም ቀርቧል። ከጡረታዬ በፊት አንድ ሬሳ እንኳ ሜዳ ላይ ቢገኝልኝ ምን ነበረበት እያልኩ፣ ኮንስታብል ምስክርን ከፊት አስቀድሜ ገደሉን ወረድኩ።

ሟቹ የመንደሩ የውሃ አባት ነበር። በዚያ ሸለቆ ያለችው ምንጭ አንዲት ናት፤ ሰው ሁሉ ማሳውን የሚያጠጣው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብረው ደግሞ እሱ። አሁን የምንጩ ውሃ ወደ ቦይ የሚመለስበት ጠለፋው አጠገብ በጀርባው ተኝቷል። ከማጅራቱ በላይ ተፈንክቷል፤ ከጎኑ ያለው ሹል ድንጋይም ደም ነክቶታል። ጋቢው ታጥፎ ከራሱ ስር ገብቷል፤ ደም ጠጥቶ ደርቆ ቆርበት ሆኗል። ወደ ማሳዎቹ የሚሄደው ቦይ ሣር ባለው እርጥብ አፈር በደንብ ተደፍኗል።

"ማን አገኘው?" አልኩ።

ምስክር ድንጋይ ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠ ሰው አሳየኝ። አለሜ ይባላል፤ ማሳው ከጠለፋው ቀጥሎ ያለው ነው፤ የሟቹ ሚዜ ነበር።

"ጎህ ሲቀድ ሽንኩርቴን ልይ ብዬ ስመጣ ነው ያገኘሁት፣ ጌታዬ" አለኝ። "ራሱን ድንጋይ ላይ ማየት አቃተኝ። ጋቢውን አጥፌ ከስሩ አደረግሁለት። ከዚያ ጣቢያ ድረስ ሮጥኩ።"

"በእግርህ? ስልክ የለህም?"

"ባትሪው ዘግቶብኝ ነበር።"

ጫማው ተበጥሶ ጣቶቹ ደምተዋል። አዘንኩለት፤ አለፍኩት።

የሟቹ ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ መብራት ያላት፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ። እንደበራች ናት። አረንጓዴዋን ቁልፍ ስጫን መጨረሻ የደወለው ለማን እንደሆነ ወጣ፤ ደሳለ፣ ደሳለ፣ ደሳለ። ሦስቴ። ቀኑ ግን ጉድ ነው፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት፣ ያውም ከብዙ ዓመት በፊት።

"ሰዓቱ ተበላሽቷል" አለ ምስክር።

"የገበሬ ስልክ ሰዓት መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅ ብለን ስልኳን ከረጢት ውስጥ ከተትናት።

ደሳለን ለመያዝ ብዙ መድከም አላስፈለገንም። ሃያዎቹን ያጋመሰ ጎረምሳ ነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ባለፈው ገበያ ሰው በተሰበሰበበት የውሃ አባቱን "አንድ ቀን በዚሁ ውሃህ ትሰጥማለህ!" ብሎት ነበር። ይህን ያልሰማ ብልባላ ውስጥ የለም፤ ያልሰማውም ሰምቻለሁ ይላል። የራሱ ስልክ ላይም በዚያው ምሽት ያልተነሱ ሦስት ጥሪዎች አሉ።

"ማምሻውን ደውሎልሃል" አልኩት፣ ጣቢያው ውስጥ አስቀምጬ።

"አዎ፣ ደውሏል።"

"ለምን አላነሳኸውም?"

እንደ ሞኝ አየኝ። "ሚስኮል ይነሳል እንዴ?"

ምስክር አፉን በእጁ ሸፈነ። ልጁ እንዳልገባኝ ሲያይ በትዕግሥት ያስረዳኝ ጀመር። "ጋሽ ቢሆነኝ አንዴ ይደውልና ይዘጋል። ተራህ ደርሷል፣ ውረድ ማለቱ ነው። ሁላችንንም እንዲሁ ነው። ካነሳህበት ካርዱን በላህበት፤ ሳምንት ሙሉ ይሰድብሃል።"

"ይሄ ግን ሦስቴ ነው።"

"ይጠራል፣ ይቋረጣል። እንደገና ይጠራል፣ ይቋረጣል። ሊነዘንዘኝ የፈለገ መሰለኝ።" ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ተናድጄበት ነበር። ሁልጊዜ የማታውን ተራ ለእኔ ነው የሚሰጠኝ። ስልኩን ትራሴ ስር ሸጉጬ ተኛሁ።"

"ማን አየህ?"

"እናቴ።"

የእናት ምስክርነት የፍርድ ቤቱን ደጃፍ አያልፍም። ልጁም ያውቀዋል፤ ሌላ ሰው ለመጥራት እንኳ አልሞከረም።

እናቱ ገለቴ የጣቢያው በር ላይ ኩታዋን አንጥፋ ተቀምጣለች። ስወጣም ስገባም ትነሳለች። ቁጭ በይ ብላት አትሰማም።

"ወልዲያ ትወስዱታላችሁ ይላሉ" አለችኝ።

"ገና ነው፣ እትዬ ገለቴ።"

"ወልዲያን አላውቃት፤ መንገዱንም አላውቅ። ያለኝ እሱ ነው፣ ልጄ። ከወሰዳችሁት ማን ስንቅ ያቀብለዋል? ማን ይጠይቀዋል?"

ያ አለሜ ከጎኗ ቆሟል። ለደሳለ እንጀራ በሳህን ቋጥሮ አምጥቶ ነበር። ልጁን ያሳደግነው ሁላችን ነን ብሎ ለዘበኛው ሰጠ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ለሁሉም ይስጥ ብዬ በልቤ መረቅሁት።

ከላሊበላ ኮማንደሩ ደወለ። "ዛቻ አለ፣ የስልክ ጥሪ አለ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ሰኞ ልጁን ከነመዝገቡ ወደ ዞን ላከው" አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ከመከራከር ይቀላል፤ በዚህ ዕድሜዬ የቀለለውን ነው የምመርጠው። ቢሆንም አንድ ነገር አልገባኝም። ተናዶ የገደለ ሰው ለምን ቦይ ይደፍናል? ውሃ አጥቶ የተጣላ ሰው ውሃውን ለቆት ይሄዳል እንጂ ዘግቶት አይሄድም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኪሴ ውስጥ ስልኬ አንዴ ጠርታ ተዘጋች። ባለቤቴ ረሒማ ናት፤ ከመርሳ። ደህና ነን፣ ደህና እደር ማለቷ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ አንድ ቀን አንስቼላት አላውቅም። ለምን አላነሳኸውም ብዬ ደሳለን ማፋጠጤ በከንቱ ነው፤ እኔም ያው ነኝ።

የሟቹን ሚስት ሰብሌን ያነጋገርኳት ለቀስተኛው ፋታ ሲሰጣት ነው። ድምጿ በልቅሶ ተዘግቷል።

"ጠላት ነበረው?"

"ውሃ የሚያካፍል ሰው ወዳጅ አለው እንዴ?" አለችኝ። "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ሁሉም ሲያገኙት ጋሼ፣ ጋሼ ይሉታል፤ ዞር ሲል ይራገሙታል። እሱ ግን ለእኔም አያዳላም። በዚያች ስልኩ ነበር የሚዳኝ። አላርሟ ጮኸች ማለት ተራ ተለወጠ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይከራከረውም። የሞተ ዕለት እንኳ ከሰዓት በኋላ ጮሃ የእኛን ቦይ በእጁ ዘግቶ ነው የሄደ።"

"በቅርብ የተጣላው ሰውስ?"

"ደሳለ አለ። ደግሞ ያቺ ስልክ ቻርጅ የምታደርግ ልጅ፣ ነጅሚያ። ገበያ መሃል ጮሆባታል።"

አዲስ ስም በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። ደስታዬ እስከ ገበያው ዳር ድረስ ብቻ ነው የቆየ።

ነጅሚያ መደብሯ ጣሪያ ላይ ሶላር ዘርግታ የአገሩን ስልክ ሁሉ ቻርጅ ታደርጋለች። መደርደሪያዋ ላይ የገመድ ጫካ በቅሏል። ሰላምታዬን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"እኔን ደሞ በምን ጠረጠሩኝ? ወላሂ ያን ምሽት ሃራ ከተማ ነበርኩ፤ እህቴን ስድር። አራት መቶ ሰው አይቶኛል፤ ስጨፍር የቀረጹኝም አሉ፤ ላሳይዎት?"

"አልፈልግም" አልኳት። "ለምን ነበር የጮኸብሽ?"

"ባትሪ ተቀያይሮብኝ ነዋ! ሰው ቀፎውን ኪሱ ይዞ ባትሪውን ብቻ ይተውልኛል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ለጋሽ ቢሆነኝ የሌላ ሰው ባትሪ ሰጠሁት፤ ደካማ ኖሮ ተራ ሳይለወጥ ዘጋበት። መጥቶ አገር ይያዝልኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ባትሪውን በሚስማር እየጫረ ምልክት ያደርጋል። እሱ መስቀል አደረገበት።" ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። "አላህ ይዘንለት። ነዝናዛ ነበር፤ ግን ሐቀኛ ሰው ነበር። ባትሪውን ሰክቶ ሲያበራ መጀመሪያ የሚለኝ 'ሰዓቷን ሙይልኝ' ነው። ሰዓቷ ሳይሞላ ከዚህች በር አይወጣም።"

"ለምን ይሞላል? ሰዓቷ አይቆጥርም እንዴ?"

"ይቺ ዓይነቷ ባትሪዋ ከወጣ ሁሉን ትረሳለች። ወደ መጀመሪያው ቀን ትመለሳለች፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ላይ።"

ባንኮኒዋን ተደገፍኩ። የገበሬ ስልክ ሰዓት መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል ብዬ የሳቅሁት ትዝ አለኝ፤ አፈርኩ። በሰዓቷ መንደር የሚዳኝ ሰው ስልክ ነበረች እኮ!

ከረጢቱን ፈትቼ ስልኳን አወጣሁ፤ ጀርባዋን በጥፍሬ ከፈትኩ። ባትሪው ላይ መስቀል የለም። ሁለት ጭረት ጎን ለጎን ተጭሮበታል።

"ይሄ የእሱ አይደለም" አለች ነጅሚያ።

"የማን ነው?"

"እኔ ምኑን አውቄ። ግማሹ ብልባላ ሁለት ጭረት ነው የሚጭር። አብሽር፣ ሰዎቹ ራሳቸው የራሳቸውን ያውቃሉ።"

ወደ ጣቢያው ስመለስ ጉልበቴን ረስቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ አላርሟ በትክክል ጮሃለች፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የራሱ ባትሪ አለባት። ጥሪዎቹ ግን የተመዘገቡት በተሳሳተው ቀን ነው፤ ስለዚህ ከመደወሉ በፊት አንድ ሰው ባትሪዋን አውጥቶ የራሱን ከትቷል። ቢሆነኝ ራሱ ቢያደርገው ኖሮ ሰዓቷን ሳያስሞላ አይንቀሳቀስም ነበር። ለደሳለ የደወለው የውሃ አባቱ አይደለም ማለት ነው። ባትሪውን የሰጠው ሰው ደግሞ ያለቀውን ይዞ ስለሄደ በማግስቱ ጠዋት የሞተ ስልክ ይዞ ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ዘግቶበት በእግሩ የሮጠ ሰው አውቃለሁ። ጋቢውንም አሰብኩት። ሌሊቱን ሞቶ ያደረ ሰው ጠዋት ከራሱ ስር ጋቢ ቢያደርጉለት ጋቢው ቢበዛ ይጎድፋል እንጂ ደም አይጠጣም። ያ ጋቢ የታጠፈው ሰውየው ገና ሲደማ ነው። ይህ ሁሉ መጀመሪያ ዕለት ዓይኔ ስር ነበር። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ሰውየውም አሳዝኖኝ ነበር።

ሠልስቱ ዕለት ሟቹ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ በአግዳሚ ተደርድረዋል። አለሜ ከሁሉ በላይ ይባክናል፤ ውሃ ያቀርባል፣ ያስታጥባል፣ ሳህን ያነሳል። እኔን ሲያይ ስጋውን አልፎ ሽሮ በተለየ ሳህን አመጣልኝ።

"ለእርስዎ ለብቻ አሠርቻለሁ" አለኝ።

እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው። አንድ ጉርሻ ብቻ ጎርሼ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

እጄን ታጥቤ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራሁት። "አያ አለሜ፣ ስልክህን ላንድ አፍታ ታውሰኛለህ? የእኔ ኔትወርክ አልያዝ አለኝ።"

ሳያመነታ አውጥቶ ሰጠኝ። ገልብጬ ጀርባውን ከፈትኩ። ባትሪው ላይ በሚስማር የተጫረ መስቀል አለ።

ይሮጣል ብዬ ጉልበቴ አስቀድሞ ደክሞ ነበር። አልሮጠም። የቤቱን ግንብ ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ባትሪ ባትሪ ነው ብዬ ነው" አለ። "ቤቴ ገብቼ ስልኬ አልበራ ሲለኝ ነው ትዝ ያለኝ። ልመለስ አልኩ፤ ወደዚያ መመለስ አልቻልኩም።"

"ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

"ሽንኩርቴ እየደረቀብኝ ነበር። ተራዬ ገና ነው። ሰው ወደ ቤቱ እስኪገባ ጠብቄ ቦዩን ከፈትኩ። የስልኩን መብራት እያበራ መጣ። 'አንተም፣ አለሜ?' አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሊዘጋው አካፋዬን ያዘ። ሳብኩት፣ ሳበው። ለቀቅሁት። ወደኋላ ሄደ።" ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ድንጋዩ ድምፅ አለው፣ ጌታዬ። እስካሁን ይሰማኛል።"

"ወዲያው ሞተ?"

"አልሞተም። ጋቢውን ከስሩ አደረግሁለት። ያናግረኛል። 'መጀመሪያ ውሃውን ዝጋው' አለኝ። ዘጋሁት። የእኔ ስልክ ካርድ የለውም። የእሱ ደግሞ ሲያበራበት ቆይቶ ባትሪው አለቀ። የእኔን ባትሪ አውጥቼ ከእሱ ላይ ከተትኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አረንጓዴዋን ሁለቴ ከተጫኑ ግን መጨረሻ የተደወለለት ሰው ጋ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ደወልኩ። አንዴ ይጠራና ይቋረጣል፤ ገደሉ ስር ኔትወርክ የት አለና? ማንን እንደምጠራ እንኳ አላወቅሁም። ማንም ይሁን፣ ብቻ ያንሳው አልኩ።"

"ሮጠህ ሰው አትጠራም ነበር?"

"እጄን ይዞኝ ነበር። ብቻዬን አትተወኝ አለኝ።"

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ቄስ ጸሎት ጀመሩ። አለሜ ተነስቶ ቆብ የሌለውን ራሱን አጎነበሰ፤ እስኪጨርሱ ጠበቅሁት።

"ልጁ ሲታሰርስ?" አልኩ።

"ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል።"

"ስንቅ እያመላለስክለት።"

"ስንቅ እያመላለስኩለት" አለ። ካቴናውን ሳላወጣ ቀድሞኝ ወደ መኪናው ሄደ። ሰብሌ ከድንኳኑ በር ላይ ሆና "አለሜ፣ ሰው ሳይሸኝ የት ትሄዳለህ?" ብላ ስትጣራ ሰማኋት። የመኪናውን በር ከፈትኩለት።

ደሳለን የፈታሁት ዕለቱን ነው። ገለቴ ልጇን አቅፋ አልለቅ አለች፤ ከዚያ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች፤ ይሄን ጉልበት እንኳን ተዪው ብዬ አነሳኋት። ኩታዋን ከመሬት አንስታ አራግፋ ለበሰች። ሲሄዱ ማየት ነበር የፈለግሁት። ደሳለ ግን ጥቂት ሄዶ ተመለሰ።

"አያ አለሜ ነው የደወለው ይላሉ፤ ለእርዳታ ነው ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ያን ጊዜ ጋሽ ቢሆነኝ ነፍስ ነበረው?"

እናቱ መንገዱ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ቤቱ ከጠለፋው ሩቅ አይደለም፤ ጎረምሳ ቢሮጥ ይደርሳል። መዝገቤ ላይ የአለሜ ቃል በእጄ ጽሑፍ ተጽፏል፤ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ይነበባል፤ ልጁም ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ እኔን ይረግመኛል።

"አልነበረውም" አልኩት። "ብታነሳውም ለውጥ አያመጣም ነበር።"

ዓይኔን አየኝ። ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ለማመን ግን በጣም ፈልጓል። ራሱን ነቅንቆ ወደ እናቱ ሄደ። ከነገ ወዲያ የሚሆነውን ሆድ ይፍጀው፤ ዛሬ ቤቱ ይተኛ ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ብትጠይቁኝ አሁንም እዋሸዋለሁ።

ምስክር መኪናውን ሊያዘጋጅ ሄደ። እኔ ገለቴ ስትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ፈታሁ። ብርዱ ከተራራው መውረድ ጀምሯል። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራች፤ ረሒማ እንደ ልማዷ ሳትዘጋው ተሻምቼ አነሳኋት።

"ሳሊሕ?" አለች ረሒማ፤ ድምጿ ደንግጧል። "ምን ሆንክ? ለምን አነሳኸው?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ሰው ሞተ?"

"ምንም የለም አልኩሽ። ዝም ብለሽ አውሪኝ።"

ካርዴ ያልቃል አለች። ይለቅ አልኳት።